ወይዘሮ ሸዋዬ ሙያ አይደብቁም

ሙያውን የሚደብቅ ሰው አገር ሙሉ ነው። እሱን ለምደነዋል። "ምን አድርገሽበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?" ሲሏት "ኧረ ምንም፣ እንዲሁ ነው" የምትል ሴት በየቤቱ አለች፤ ማንንም አትጎዳም። የሚያስቸግረው የማይደብቀው ነው። ሳይጠየቅ የሚነግር፣ ሲነግር የማይጨርስ፣ ጨርሶም የማይሄድ። ከዚህ ወገን የሆነ ሰው በየሰፈሩ አንድ ይገኛል፤ ሁለት ቢሆኑ ሰፈሩ ይፈታ ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው። የተወለዱት አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። የሚኖሩት ግን በሰው ድስት ላይ ነው። የከተማው ብርድ እንደሚታወቀው ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጋቢውን ይከናነባል። ወይዘሮ ሸዋዬ በዚያው ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። አያንኳኩም። "ቤቶች!" ይላሉ፣ ይገባሉ፣ ክዳን ይከፍታሉ።

"ሽንኩርቱ ላይ ቸኮልሽ፣ ልጄ።"

ይህ ሰላምታቸው ነው። ባለቤቲቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት በርጩማ ስበው፣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚቁላላ ከሥሩ ይጀምራሉ። አንዳንዷ ደፋር "እትዬ፣ ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን" ብትል እንኳ አይሆንም። "ሙያ ይዞ መቃብር የወረደ አፈሩ ይክበደው!" ብለው ያማትባሉ። ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? የሚያውቁትን ሁሉ ሳይናገሩ ቢሞቱ ጥፋቱ የአድማጭ ሊሆን ነው።

ሙያው ደግሞ ባዶውን አይሰጥም፤ ከነትውልዱ ነው። ድልህ ማወቅ የፈለገች ሴት መጀመሪያ የወይዘሮ ሸዋዬን እናት፣ ቀጥሎ እናታቸውን ያስተማረችውን፣ መዘዞ አገር የምትኖረውን አክስታቸውን ንጋቷን፣ ከዚያም ንጋቷ ከባሏ ጋር በምን እንደተጣላች መስማት አለባት። በርበሬው ድስት ውስጥ የሚገባው ንጋቷ ከታረቀች በኋላ ነው። መጠን የጠየቀች እንደሆነ ይገርማቸዋል። "ስንት ማንኪያ?" ስትባል "እጅሽ ይነግርሻል" ይላሉ። እጇ ያልነገራት እንግዲህ ከእጇ ጋር ትነጋገር።

ቦታም አይመርጡም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ዘግነው፣ ሁለት ጊዜ አላምጠው፣ የሟች እህት ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው "እግዜር ያጥናሽ። ባቄላው ነበር ቀድሞ የሚጣደው" ያሉ እሳቸው ናቸው። እህትየዋ በእንባዋ መሃል ቀና ብላ አየቻቸውና "እሺ፣ ለሰልስቱ እናስተካክላለን" አለች። ሐዘንተኛ እንኳ ቃል ያስገባሉ።

አሊዩ አምባ በገበያ ቀን ወርደው፣ በርበሬ ሻጯ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ የገዛ በርበሬዋን እንዴት እንደምታደርቀው ሲያስረዷት ጀርባቸው ላይ ሰልፉ ተጠማዘዘ። ሴትዮዋ እስኪጨርሱ ታገሰች፣ ታገሰችና "ወላሂ እትዬ ሸዋዬ፣ በርበሬዬን ልሽጠው ወይስ ልማርበት?" አለቻቸው። እሳቸው ግን ቀልድ አልመሰላቸውም። "ሁለቱንም" አሉ።

ከወለጋ የተፈናቀሉት ሰዎች መጠለያ በሶ ይዘው የሄዱ ዕለትም ነገሩ ያው ነበር። ብቻ እዚያ ባልጠበቁት መንገድ ተገለበጠባቸው። ማኅደረማርያም የምትባል አራስ ሴት በሶውን ተቀበለቻቸውና፣ ትታው የመጣችው ማሳዋ ላይ ይበቅል በነበረው በቆሎ እንዴት ቂጣ ትጋግር እንደነበር ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሸዋዬ ዝም ብለው ሰሙ። አንዲትም ቃል አላረሙም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ "የማኅደረማርያምን ቂጣ" ሳይጋግር እንዳያድር ተፈርዶበታል።

ይህ ሁሉ ሙያ የሚፈተነው በባለቤታቸው በጋሽ ሞገስ ሆድ ነው። ጋሽ ሞገስ ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ፣ የዋህ ሰው ናቸው። ወጡ ተቀምሶ ፍርድ ሲጠየቁ "ይበላል" ይላሉ። ከዚህ በላይ ሲናገሩ የሰማ የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቸርነት አንድ ጉድ ነበረበት። የወይዘሮ ሸዋዬን ሙያ ተቀብሎ እንደሳቸው የሆነለት ሰው አልነበረም። ሌላውስ ይሁን፤ የስልጆው ነገር ግን ሰፈሩን ሆድ ሆዱን ይበላው ነበር። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይማሰላል፣ ሰናፍጩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ ይገባል፣ ከዚያ ኮምጠጥ እስኪል ይቀመጣል። ይኸው ነው። የወይዘሮ ሸዋዬ ስልጆ አናት ድረስ የሚወጣ፣ ዐቢይ ጾምን የሚያስናፍቅ ስልጆ ነው፤ ጋሽ ሞገስ ፋሲካ ሲደርስ ይከፋቸዋል ይባላል። እሳቸው ያስተማሯት ሴት የሠራችው ደግሞ ወይ ጥሬ ባቄላ ይሸታል፣ ወይ ሳይኮመጥጥ ይሻግታል።

ጎረቤታቸው ገነት ምክንያቱን ከደረሰችበት ቆይታለች። "አንዷን ነገር ይደብቃሉ" ትላለች። "ያ ሁሉ ወሬ ለምን ይመስላችኋል? መሸፈኛ ነው። የንጋቷን ባል ስትሰሙ ዋናዋ ነገር ታልፋችኋለች።" ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሸዋዬ አንድ ቤት ገብተው በወጡ ቁጥር "ዛሬስ የቷን ደበቁ?" መባባል የተለመደ ሆነ።

አሁን ወደ መቅደስ እንምጣ። መቅደስ ከዲላ የመጣች፣ እዚያው ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ የሆነች፣ በወይዘሮ ሸዋዬ ግቢ የምትኖር ሴት ናት። ብቻዋን ነው ያለችው። ከመጣች ዓመት አልፏታል፤ ሰፈሩ ግን ስሟን አያውቀውም ወይም አይጠቀምበትም። "ተከራይዋ" ነው የሚላት። "ተከራይዋ ደህና ነች?" "ተከራይዋን ላኪያት።" ክፋት የለበትም። ግን ይቆጠቁጣታል፤ አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ ታለቅስበታለች።

በወይዘሮ ሸዋዬ ጉትጎታ የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ውስጥ ገባች። ዕጣ ሆነና ጽዋው የደረሳት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። ጽዋውን ተቀብላ ስትወጣ ከአጥሩ ወዲያ የገነትን ድምፅ ሰማች፤ "ተከራይዋ ደግሞ ምን ልታበላን ነው? ቆጮ?" ስትል ሌሎቹ ሳቁ። ያን ዕለት መቅደስ ቆረጠች። ይህችን ማኅበር በደህና ካወጣች ሰው ትሆናለች፤ ካላወጣች ከነስሟ ተቀብራ ተከራይዋ ሆና ትቀራለች። ስልጆ ነው የምታቀርበው። እንደ እትዬ ሸዋዬ ያለ ስልጆ።

ሄዳ ጠየቀች። ወይዘሮ ሸዋዬ በዕድሜያቸው ሙሉ ሳይጠየቁ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት፤ ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ "ያስተምሩኝ" ሲላቸው ቃል አጠራቸው። ለአፍታ ነው ታዲያ። ከዚያማ ከሱፉ አቆላል እስከ ንጋቷ ባል አማላጅ ሽማግሌዎች ድረስ አንድም አልቀረ። መቅደስ የፋብሪካ ሰው ናትና ሚዛን አምጥታ እያንዳንዱን መዘነች። ወይዘሮ ሸዋዬ ሚዛኑን እንደ ጠንቋይ ዕቃ እያዩት በእጃቸው ዘግነው ሰጧት።

መቅደስ የሠራችው ስልጆ ተቀመጠ፤ ቆየ፤ ሲከፈት ጥሬ ባቄላ ሸተተ። ደገመች። አሁንም ያው። ገነት በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ "አልነገርኩሽም? አንዷን ደብቀውሻል፣ የዋህ!" አለቻት። ማኅበሩ እየቀረበ ነው። መቅደስ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣችና ወይዘሮ ሸዋዬ ዘንድ ሄዳ፣ ዓይናቸውን ሳታይ "እትዬ፣ ያልነገሩኝ ነገር ይኖር ይሆን?" አለች።

"እኔ? እኔ ሸዋዬ?"

ድምፃቸው ቀጠነ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ተነሡ፣ መቅደስ ቤት ገቡ፣ በገዛ እጃቸው፣ ከሱፉ ጀምረው፣ እያየቻቸው ሠሩት። በመቅደስ ድስት አማሰሉት፣ በመቅደስ ፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው ከደኑት። "አሁን የደበቅሁትን ታገኚዋለሽ" ብለው ወጡ።

ቀኑ ደርሶ ባልዲው ሲከፈት የወይዘሮ ሸዋዬ ስልጆ ጥሬ ባቄላ ሸተተ።

ሁለቱ ሴቶች ባልዲው ላይ አጎንብሰው ቆዩ። ወይዘሮ ሸዋዬ በጣታቸው ቀመሱ። ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ዕለት የማንም ክዳን አልተከፈተም። በማግስቱም አልተከፈተም። ሰፈሩ መጀመሪያ ዕፎይ አለ፤ ቀጥሎ ተጨነቀ። ሲመሽ የመቅደስ በር ተንኳኳ፤ ጋሽ ሞገስ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል።

"ልጄ" አሉ፣ "ምን ሆናብኝ ነው? ትናንት ጎረቤት ያመጣውን ወጥ ቀምሳ ዝም አለች። በጣም የማይረባ ወጥ ነበር እኮ።"

ይህ የሕይወታቸው ረጅሙ ንግግር ነው። መቅደስ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለቻቸው።

ወይዘሮ ሸዋዬ ጓዳ ውስጥ፣ ከማሰሮ አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጥቁር፣ አንገቷ አጠር ያለ፣ አፏ አንድ በኩል የተሸረፈ ማሰሮ ናት። የመዘዞዋ ንጋቷ፣ ሸዋዬ ተድረው ደብረ ብርሃን ሲመጡ ሰጥታቸው ነው። መቅደስ ጎንበስ ብላ ማሰሮዋን አሸተተች። ባዶ ናት። ግን አናት ድረስ የሚወጣው ሽታ እዚያው አለ።

"እትዬ፣ ይህችን በምንድን ነው የሚያጥቧት?"

"የስልጆ ማሰሮ ይታጠባል እንዴ!" ወይዘሮ ሸዋዬ በሐዘናቸው መሃል ደነገጡ። "ነውር ነው። ትለቀለቃለች እንጂ። ንጋቷም ለቅለቅ ነው የምታደርጋት፤ የንጋቷ እናትም..."

"እትዬ ሸዋዬ፣ ማሰሮዋ ናት!" መቅደስ ጮኸች። "እኛ ፋብሪካ ጋኑን ነጋ ጠባ የምናጥበው የድሮው ወደ አዲሱ እንዳይዞር ነው። እርስዎ ደግሞ እንዲዞር ትተውታል። የሚያኮመጥጠው እዚህ ሸክላው ውስጥ ነው ያለው። ሁላችንም የሠራነው በፕላስቲክ ነዋ!"

ወይዘሮ ሸዋዬ ማሰሮዋን አዩ፣ መቅደስን አዩ። "ማሰሮውንም ልናገር ኖሯል?" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ እኮ ሁሉም ቤት ማሰሮ ያለ መስሎኝ።" ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ለዚህ ነዋ አንዷን ትደብቃለች ያሉኝ።"

መቅደስ ደነገጠች። "ያውቁ ነበር?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ በየቤቱ ስገባ ነው የምውለው፤ የማልሰማው ምን አለ? ዋልሁ አደርሁ፣ ምኑን ነው የተውሁት እያልሁ አወጣሁ አወረድሁ። በነገርኋቸው ቁጥር እየጨመርሁ ነገርኋቸው። የንጋቷንና የባሏን ጠብ ሳይቀር የምተርክላቸው፣ ማን ያውቃል፣ የጎደለው እሱ ቢሆንስ ብዬ ነው።"

መቅደስ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ያን ሁሉ ምሽት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲተርኩ ሰዓቷን እየሰረቀች ታይ ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ወይዘሮ ሸዋዬ "ተይ እስቲ፣ ምን ሆነሻል" ብለው ማሰሮዋን በነጠላ ጠቅልለው አሸከሟት። "በይ ሂጂ። የማርያም እንግዳ አይፈር።"

የማኅበሩ ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው ዞረ፣ ስልጆው ቀረበ። ገነት አንድ ጉርሻ አደረገች። አጠገቧ ያለችውን አየች። ሌላ ጎረሰች። ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሴቶች ተሰብስበው ጸጥ የሚሉት ሰው ሲሞት ወይም ምግብ ሲጣፍጥ ነው፣ የሞተ ሰው አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ ስትጨመር ገነት "መቅደስ፣ ምን አደረግሽበት?" አለች። በስሟ ጠራቻት። መቅደስ ጆሮዋ ጋለ።

ማሰሮዋን አወጣችና ተደበቀ የተባለው ነገር ይህ እንደሆነ፣ ደባቂም እንዳልነበረ ነገረቻቸው። ሴቶቹ "እሰይ! እሰይ!" አሉ። ገነት አንገቷን ደፍታ "እትዬ ሸዋዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አፌን ነው የምቆርጠው" አለች። ወይዘሮ ሸዋዬ "አፍሽን ተይው፣ ሽንኩርቱ ላይ እንዳትቸኩዪ" አሉ። እርቁ በዚሁ አለቀ።

ያልታረቀው ይሉኝታ ነው። ገነት ጸጸቷን በሥራ ልትክስ ብድግ ብላ "ማሰሮዋን ጓዳ እኔ ላስገባት፣ አንቺ ቁጭ በይ" አለች። መቅደስ "ኧረ በማርያም! እንግዳ ሆነሽ?" ብላ ያዘች። "በሞቴ ተይኝ።" "እኔ ልሙትልሽ፣ አይሆንም።" "ካልሰጠሽኝ አልቀመጥም።" "ከሰጠሁሽ አፍራለሁ።" አንዷ ትስባለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ከልባቸው ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ለሌላዋ ክብር ሲሉ ባንድ ጊዜ ለቀቁ።

የመዘዞዋ ንጋቷ ማሰሮ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ተበታተነች።

መቅደስ ግድግዳ ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀ። በስሟ የተጠራችው ለአንዲት ስልጆ ዕድሜ ነው፤ ከዛሬ በኋላ የእትዬ ሸዋዬን ማሰሮ የሰበረችው ተከራይ ናት። ገነትም ፊቷ ዐመድ መስሏል።

ወይዘሮ ሸዋዬ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። አንዱን ገል አንሥተው በመዳፋቸው አገላበጡት። "ወይኔ ንጋትዬ" አሉ። እንባቸው ገሉ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቆዩ። እንደገና አሸተቱት።

"አለች" አሉ።

ነጠላቸውን ዘርግተው ገሉን ሁሉ ለቀሙ። "ኑ እጃችሁን አምጡ። ነገ ገበያ ወጥታችሁ አዲስ ማሰሮ ግዙ። ስልጆውን ስታስቀምጡ ይህችን ከሥሩ ጣሏት። ስታወጡ አትጠቡ፣ ለቅለቅ ብቻ። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ማሰሮው ራሱ ይለምዳል።" ሴቶቹ በሰልፍ መጥተው፣ እንደ እምነት አመድ በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ፣ በነጠላ ጫፍ እየቋጠሩ ሄዱ። ለገነት ሲደርስ እጇ አልዘረጋ አላት፤ ወይዘሮ ሸዋዬ ጣቶቿን ፈልቅቀው አስጨበጧት። ሲያድሉ ስለ ንጋቷና ስለ ባሏ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን መቅደስ ከግድግዳው አልተነቃነቀችም።

"አንቺስ? አትቀበይም?"

"እኔ እኮ ነኝ የሰበርኳት፣ እትዬ።"

ነጠላው ላይ የቀረው አንድ ነው፤ የማሰሮዋ መቀመጫ፣ ወፍራሙ፣ ሽታው እጅ ላይ የሚቀረው። ወይዘሮ ሸዋዬ አንሥተው መዳፏ ላይ አኖሩት።

"ትልቁ ያንቺ ነው" አሉ። "እነዚያ ሙያ ቢጠፋባቸው እናታቸው ቤት ይሮጣሉ። ያንቺ እናት ዲላ ናት፤ የት ትሮጪያለሽ?"

መቅደስ ገሉን በሁለት እጇ ጨብጣ "ለእርስዎስ ምን ቀረ?" አለች።

"እኔማ ምን ቸገረኝ። እኔ ካንቺ ጋ እበላለሁ።"

ጾሙ ሳይወጣ መቅደስ በአዲስ ማሰሮ ሠራች። የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ብርዱን ችላ በሯን ከማለዳው ገርበብ አድርጋ ትታ፣ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ሸዋዬ መጡ። ክዳኑን ከፈቱ፣ በጣታቸው ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ።

"ጨው በዝቶበታል" አሉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። "እንጀራ አምጪ።"